ጋሼ ማስነሻ

የቤት ስልኩ ለሰባተኛ ጊዜ ሲጮኽ አባቷ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ያየው ነበር። ሙሉ ልብሱን ለብሷል፤ ከረባቱን አስሯል፤ ጫማው ተወልውሎ ማሰሪያው ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ስልኩን ሲያየው፣ ሊነክሰው ያደባ ውሻ የሚያጠና ይመስላል። እሷ ዓይኗን እያሸች ከመኝታ ቤት ስትወጣ መጀመሪያ የመጣላት የመርዶ ነገር ነበር። ማን እንደሚደውል ስትጠይቀው የሥራ ቦታ እንደሆነ ነገራት። ታዲያ ለምን እንደማያነሣው ስትጠይቀው ደግሞ ጡረታ መውጣቱን አስታወሳት፤ ሰው ጡረታ ከወጣ ስልክ ማንሣት በሕግ የተከለከለ ይመስል። ጡረታ የወጣው ዓርብ ነው። ያ ቀን ሰኞ ነበር። ለሃያ ሁለት ዓመት የሠራበት የሕክምና ላቦራቶሪ መሸኛ ብሎ የሰጠው ጎማ ያለው ትልቅ ሻንጣ ከነፕላስቲኩ ከበሩ ኋላ ቆሟል። አባቷ ከከተማው ወጥቶ አያውቅም። ስለ ሻንጣው የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ሂድልን ማለታቸው ነው" አለ።

ላቦራቶሪው ውስጥ ስሙን የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ትንሹም ትልቁም "ጋሼ ማስነሻ" ነው የሚለው። ሥራ አስኪያጁ አንድ ጊዜ ጎረቤት ያለ ሕንፃ በኤሌክትሪክ ሲቃጠል ካየ ወዲህ፣ ከማቀዝቀዣዎቹ በቀር ማታ ማታ ሁሉም ነገር ከቆጣሪው ይጥፋ ብሎ አዟል። ስለዚህ አባቷ በየቀኑ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከቤት ይወጣል፤ በኋላ በር ይገባል፤ ዋናውን ኮምፒውተር ያበራል፤ ከዚያም ውስጡ ያሉትን አገልግሎት የሚባሉ ፕሮግራሞች አንድ በአንድ በእጁ ያስነሣል። ሌላው ሠራተኛ ሲመጣ ሁሉም ነገር በርቶ ይጠብቀዋል። እሷም ሙያዋ ያው ነው፤ ድርጅት ለድርጅት እየዞረች ኮምፒውተርና ኔትዎርክ ትጠግናለች። ከሁለት ዓመት በፊት ራት ላይ፣ "አባዬ፣ እኮ ይሄ ሁሉ ራሱ እንዲነሣ ማድረግ ይቻላል" አለችው። ማንኪያውን አስቀምጦ ወደ መኝታ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት የኮምፒውተር ባለሙያ እየኖሩ ስለ ኮምፒውተር ተነጋግረው አያውቁም። ስለ ውኃ ግፊት፣ ስለ ጎረቤት ድመት፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም ያወራሉ። ስለዚያ ነገር ግን ትንፍሽ የለም።

የቤቱ ስልክ ዝም ሲል የሷ ሞባይል ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ ነበር፤ ድምፁ የተጣደፈ፣ ልመናው ከትእዛዝ ጋር የተደባለቀ። ኮምፒውተሩ በርቷል፤ ግን አንድም ነገር አይሠራም፤ ሠላሳ ሰው እየጠበቀ ነው፤ አባትሽ ስልክ አያነሣም፤ በፈጠረሽ ድረሺልን። እሺ ብላ ዘጋችና አባቷን፣ "በየትኛው ቅደም ተከተል ነው የምታስነሣቸው?" ብላ ጠየቀችው።

"ቅደም ተከተል አለው" አላት። የይለፍ ቃሉን በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጣትና ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

ላቦራቶሪው ስትደርስ አንድ ሰዓት ተኩል አልፏል። ለደም ምርመራ የመጣ ሰው ምግብ ሳይቀምስ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ መጠበቂያው አዳራሽ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ከትናንት ራት ወዲህ የቀመሰው ነገር የለም። ሠላሳ የራበው ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ አየሩም ይቆጣል። በማዕዘኑ በኩል፣ የእናቷን ምርመራ ልታጅብ የመጣች አንዲት ሴት ዳቦዋን ከላስቲክ አውጥታ መቁረስ ስትጀምር ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት፤ ሴትየዋ ቁራሹን አፏ ሳታደርስ ወደ ላስቲኩ መለሰችው። እንግዳ ተቀባይዋ ባዶ ስክሪን ፊት ተቀምጣ ለመጣው ሁሉ "ትንሽ ይጠብቁ" ትላለች። ኮፍያ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ፣ ይህንኑ ቃል ከጠዋት ጀምሮ አሥራ አራት ጊዜ እንደሰሙና እንደቆጠሩ ለአጠገባቸው ሰው ሲነግሩ ሰማች።

የኮምፒውተሩ ክፍል ቀድሞ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ነበር፤ ሁለት ሰው ከገባ አንዱ ትንፋሹን መያዝ አለበት። ወንበሩ ላይ አባቷ ያረጀ ሹራቡን አጣጥፎ የሰፋው ትራስ አለ። እዚያ ላይ ቁጭ ብላ ወረቀቱን ሳትዘረጋ ነው የሥራ አስኪያጁን ድምፅ ከበሩ ውጭ የሰማችው። ለሒሳብ ሹሟ ነው የሚያወራው፤ በሩ ገርበብ ማለቱን አላየም። "ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቁልፍ ለመጫን ነው ያስቀመጥነው፤ እንግዲህ አሁን ደግሞ ልጁ መጥታ ትጫን" አለ፤ ሁለቱም ሳቁ። ወጥታ ልትናገረው ብድግ አለች፤ ክፍሉ ስለጠበበ ጉልበቷ ከጠረጴዛው ተላተመና መልሳ ተቀመጠች። ቢያንስ ቁልፏን ላግኛት ብላ የይለፍ ቃሉን አስገባች።

ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሊኑክስ የሚባለው ሥርዓት ሲነሣ የአገልግሎቶቹን ዝርዝር ያሳያል፤ የተነሣው በአረንጓዴ፣ የወደቀው በቀይ፣ ገና ያልተነሣው በነጭ። እዚህ ግን ዋና ዋናዎቹ ሁሉ ነጭ ናቸው። አልወደቁም፤ የሚያስነሣቸው ጠፍቶ እንጂ። ወደ ማዘዣ ፋይሎቹ ገብታ ስታይ ደግሞ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የተደረገ ነገር አገኘች። አንድ ሰው እያንዳንዱን አገልግሎት በራሱ እንዳይነሣ አድርጎታል። የምርመራ ውጤት የሚመዘግበውን ፕሮግራምማ ጭራሽ አስሮታል፤ ማንም ቢያዝዘው እንዳይነሣ፣ መጀመሪያ እንዲፈታ። ከላይ በማስታወሻ መልክ አንድ መስመር ተጽፏል፦ "እኔ ሳልኖር እንዳይነሣ። አትንካ።" የአባቷን አጻጻፍ የምታጣው አይደለችም፤ አራት ነጥብ እንኳ ሳይዘነጋ ነው የሚጽፈው። ደሟ ፈላ። ለካ ያ ሁሉ ማለዳ፣ ያ ሁሉ ብርድ፣ የምርቃቷ ቀን እንኳ አዳራሹ የደረሰው ሰው ጋውኑን እያወለቀ እያለ መሆኑ፣ ሁሉም የሱ የራሱ ሥራ ኖሯል። ራሱን አስፈላጊ ለማድረግ አስሮ ይዞት ነበር። ያ ውጭ የሚስቀው ሰውዬ፣ ሳያውቀው፣ ግማሽ እውነት ተናግሯል ማለት ነው። ይህን ማሰቡ ከስድቡ የበለጠ አቃጠላት።

በንዴት እጇ ፈጠነ። የውጤቱን ፕሮግራም ፈታችና አስነሣችው። ወዲያው አረንጓዴ ሆነ። ይኸው፣ አለች በልቧ፣ ቅደም ተከተልህ ይኸው። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ግን እንግዳ ተቀባይዋ በሩን ከፍታ ግማሽ ፊቷን አስገባች። ስክሪኑ በርቷል፤ ግን የደንበኞች መዝገብ የለም። ስንት ዓመት የተጠራቀመው፣ የስንት ሺህ ሰው ውጤት፣ ምንም የለም። ያሉት አርባ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የሁሉም ቀን ደግሞ አንድ ጠዋት ነው፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት። "የመጀመሪያው ደግሞ" አለች እንግዳ ተቀባይዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እዚያ የተቀመጡት ባለ ኮፍያው ናቸው።"

ነገሩ የገባት ያኔ ነው። ፕሮግራሙን ከመቅጽበት አቆመችው። መዝገቡ የሚቀመጠው ኮምፒውተሩ ውስጥ ሳይሆን አጠገቡ ባለው ሌላ የብረት ሣጥን ውስጥ፣ ትልቅ ዲስክ ላይ ነው፤ ያ ዲስክ እንዲገባ ከታዘዘ በኋላ ለመዘጋጀት ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈጅበታል። ነገሩ ልክ እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ ነው። መሳቢያው ከሌለ ባዶ ቀዳዳው አለ፤ የማያስተውል ሰው ወረቀቱን እዚያ ባዶው ቦታ ላይ ያስቀምጣል። በኋላ መሳቢያው ሲገባ ወረቀቱ ከጀርባው ይቀራል፤ ማንም አያየውም፤ ግን የትም አልሄደም። እሷ አሁን ዲስኩን ሳታስገባ ፕሮግራሙን ስላስነሣች ከመሳቢያው ጀርባ ያለውን አየች። ከዘጠኝ ዓመት በፊትም አንድ ጠዋት ፕሮግራሙ ዲስኩን ቀድሞ ተነሥቷል፤ የአርባ ሦስት ሰው ውጤትም ባዶው ቦታ ላይ ተጽፏል። አርባ ሦስቱን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጣ አስቀመጠች፤ ከዚያ ዲስኩን አስገብታ፣ የብረቱ ሣጥን መብራት እስኪረጋ በዓይኗ አይታ፣ ፕሮግራሙን አስነሣች። መዝገቡ ሙሉ በሙሉ መጣ። ከአዳራሹ "ቁጥር አንድ" የሚል ድምፅ ሲሰማ ሰው ሁሉ እንደ አንድ ሰው ብድግ አለ።

ስልኳን አውጥታ ደወለች። የሷን ቁጥር ሲያይ በመጀመሪያው ጥሪ አነሣ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ምን እንደሆነ ጠየቀችው። የሆነውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገራት። ያኔ ሁሉም ነገር በራሱ ነበር የሚነሣው። እንደ ዕድል ዲስኩ ሁልጊዜ ይቀድም ነበር፤ አንድ ቀን ዘገየ። እኩለ ቀን ሳይሆን የአርባ ሦስት ሰው ውጤት ድራሹ ጠፋ፤ ሰዎቹ እንደገና ተጠርተው እንደገና ደም ሰጡ። ነገሩ የመቅደምና የመዘግየት መሆኑ ታውቆት ለሥራ አስኪያጁ ሊያስረዳው ሞክሮ ነበር። ሥራ አስኪያጁም ዕቃ አያጠፋም፣ የሚያጠፋ ሰው ነው ብሎ፣ "በሥራ ቸልተኝነት" የሚል የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ በደብዳቤ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ አባቷ የብረቱን ሣጥን መብራት መርጋት በገዛ ዓይኑ ሳያይ ምንም ነገር እንዳይነሣ አደረገ። አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ በጽሑፍ ማዘዝ እንደሚቻል የተማረበት መጽሐፍ ላይ አልነበረም። በኋላ እሷ ስትነግረው ደግሞ ያፈረው በሷ ፊት አላዋቂ መስሎ መታየቱን ነው።

"የምርቃትሽ ቀን" አለ፣ "መብራቱ እምቢ ብሎኝ ነበር። ትቼው ብመጣ፣ የሰው ደም ነው።"

ልትለው ያሰበችው ብዙ ነበር፤ የወጣት ግን፣ "አባዬ፣ አልጠፉም" የሚል ነው። "ሁሉም እዚህ አሉ። አሁን አየኋቸው።"

"ስንት ናቸው?"

"አርባ ሦስት።"

ስልኩ ተዘጋ። መጀመሪያ ተቆረጠ ብላ ነበር። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ አባቷ ከነከረባቱ፣ እያለከለከ፣ በኋላ በር ገባ፤ ሲያገኛት ጣቷ ሥራ ላይ ነው። አገልግሎቶቹ ሁሉ እንደ ቀድሞው በራሳቸው እንዲነሡ መልሳ፣ የውጤቱን ፕሮግራም ማዘዣ ፋይል ከፍታ ሁለት መስመር ጨምራለች፤ አንዱ ከዲስኩ በኋላ ተነሣ የሚል፣ ሌላው ዲስኩ ከሌለ ጭራሽ አትነሣ የሚል ነው። አባቷ ከትከሻዋ በላይ አጎንብሶ አነበበና ሁለተኛው ለምን እንዳስፈለገ ጠየቃት፤ በኋላ ተነሣ ከተባለ አይበቃም ወይ? እንደማይበቃ አስረዳችው፤ ዲስኩ ጭራሽ ተበላሽቶ ቢቀር የመጀመሪያው መስመር ብቻውን ፕሮግራሙን አያስቆመውም፤ ተራው ደርሷል ብሎ ባዶው ቦታ ላይ መጻፉን ይቀጥላል። አባቷ ራሱን ነቀነቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጎን ለጎን ሆነው ስለ ኮምፒውተር ያወሩት የመጀመሪያ ወሬ ይህ ነበር፤ ሁለቱም እንዳላስተዋሉት ሆነው አለፉት።

መሥራቱን ለማወቅ ግን ሁሉንም አጥፍቶ ማብራት ያስፈልጋል። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። እየሠራ ያለ ነገር ለምን ይነካል፤ አዳራሹ ውስጥ ገና አሥራ ሁለት የራበው ሰው አለ፤ እሱ በበኩሉ ከእንግዲህ ትንሽ ይጠብቁ የሚል ቃል ከዚህ ቢሮ እንዲወጣ አይፈልግም። እሷ ነገ ጠዋት ማን እንደሚያስነሣው ጠየቀችው። ሥራ አስኪያጁ ወደ አባቷ ዞረ። አባቷ ጣሪያውን ያይ ነበር። ጣሪያው ላይ ምንም የለም።

አጠፉት። ባለ ኮፍያውን ሽማግሌ ጨምሮ አራት ሰው በሩ ላይ ተደራርቦ ያያል፤ ሰው በራበው ሰዓት የማይመለከተውንም ነገር ያያል። ኮምፒውተሩ ተነሣ፤ ስሞቹ በየተራ አረንጓዴ ይሆኑ ጀመር። የውጤቱ ፕሮግራም ጋ ሲደርስ ቆመ። ነጭ ነው። አንድ ደቂቃ፤ ነጭ ነው። የአባቷ ቀኝ እጅ ከጎኑ ተነሥቶ ወደ ቁልፎቹ ሄደ፤ መንገድ ላይ ግራ እጁ ያዘውና ሁለቱንም ወደ ኋላው ወስዶ አጣምሮ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ ተበላሸ ወይ ብሎ ጠየቀው። የብረቱ ሣጥን መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ቆየና ረጋ፤ ዲስኩ አረንጓዴ ሆነ፤ ሁለት ሴኮንድ ያህል ቆይቶ፣ ማንም እጁን ሳያሳርፍበት፣ ፕሮግራሙ ተከተለው።

"ጠበቀ" አለ አባቷ። ያለው ይህን ብቻ ነው፤ ግን ፊቱ ላይ ደስታውና ሐዘኑ ተራ መጠበቅ አቅቷቸው አንድ ላይ መጡበት።

ሥራ አስኪያጁ ፍርሃቱ ሲለቀው ምላሱም ተፈታ። ታዲያ ሁለት መስመር ነው እንዴ፣ አለ፤ ለዚህ ነው ያን ያህል ዓመት። ያን ጊዜ እሷ ዞራ አየችው፤ በማለዳው የሰማችውም አብሮ መጣባት። "ሁለቱን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቆሞ የጠበቀው ግን እሱ ነው። እዚያ ላይ ያሰፈርኩት የሱን ዓይን ነው" አለችና፣ ያተመቻቸውን የአርባ ሦስት ሰው ውጤቶች እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ከላይ ያለውን ቀን አየ። ከዚያ ስንት ገጽ እንደሆነ በአውራ ጣቱ ገለጥ ገለጥ አድርጎ አየ። የቆየ ነገር ነው፣ አለ በመጨረሻ። አባቷ ማስጠንቀቂያውም የቆየ መሆኑን፣ ግን እስከ ዛሬ ፋይሉ ውስጥ መኖሩን ነገረው። በደብዳቤ የወጣ ነገር በደብዳቤ ይመለስ፤ ሌላ አልጠይቅም አለ።

ደብዳቤው እንግዳ ተቀባይዋ ጠረጴዛ ላይ፣ በደንበኞቹ ፊት ተጻፈ፤ የሚሠራ ሌላ አታሚ አልነበረም። የመጀመሪያው ረቂቅ፣ ጠፍተው የነበሩት ውጤቶች ስለተገኙ ማስጠንቀቂያው ተነሥቷል ይላል። አባቷ መነጽሩን አውጥቶ አነበበና መለሰው። ተገኙ ማለት እሱ ደብቆ አሁን እንዳወጣቸው ያስመስላል፤ አልጠፉም ነበር ይባልልኝ አለ። ሥራ አስኪያጁ ልዩነቱ እንደማይታየው ተናገረ። እንግዲህ ካልታየህ ለውጠው፣ ምንም አይጎዳህም አለው አባቷ። ባለ ኮፍያው ሽማግሌ በዚህ መሐል የራሳቸው ጉዳይ ነበራቸው። እንግዳ ተቀባይዋ የዘጠኝ ዓመቱን ወረቀታቸውን ለብቻቸው ሰጥታቸዋለች፤ አንብበው ክው ብለው ቀርተዋል። ያኔ ደም ይድገሙ ተብለው በተጠሩበት ቀን ርቧቸው መንገድ ላይ ሁለት ጣፋጭ ዳቦ ጎርሰው ነበር፤ በልተዋል ወይ ሲባሉም አፍረው አልበላሁም ብለው ነበር። ስኳራቸው ከፍ ብሏል ተባለ፤ ሐኪም ጋ ደግሞ መመለሱን ፈርተው፣ በራሳቸው ፈርደው ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ጀመሩ፤ ይኸው ዘጠኝ ዓመት። የመጀመሪያው ወረቀት ግን ምንም የለብዎትም ይላል። የዛሬው ውጤት እስኪወጣ ስኳር እንዳይነኩ እንግዳ ተቀባይዋ ስትለምናቸው ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩና፣ "እኔ ብሆን 'ይቅርታ' የምትለዋንም አስጨምር ነበር" አሉ።

እንግዳ ተቀባይዋ ጣቷን ከቁልፎቹ ላይ አላነሣችም። ደብዳቤው ሲታተም የመጨረሻው መስመር ላይ ድርጅቱ በሠራተኛው ላይ ስለደረሰው በደል ይቅርታ ይጠይቃል ይላል። ሥራ አስኪያጁ ብዕሩን አውጥቶ ፈረመ፤ ማኅተሙንም ራሱ መታ። ያቺን መስመር አንብቧት ይሁን ሳያነባት እስከ ዛሬ አልታወቀም።

አባቷ ደብዳቤውን አራት አጥፎ ሊከተው ሲል እንዳይጨማደድ ብሎ መልሶ ዘረጋውና ለሷ አስያዛት። በልማዱ ወደ ኋላ በር ሊዞር ሲል እንግዳ ተቀባይዋ፣ ጋሼ፣ በዚህ ይውጡ ብላ የፊቱን በር ከፈተችለት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ በር ሳይከፈት ገብቶ፣ ከተዘጋ በኋላ ነው የሚወጣው። ደረጃው ላይ ቆሞ ዓይኑን ከፀሐዩ ከለለ። መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ ከወዲያ ማዶ መስታወቱ የሚያብረቀርቅ ፀጉር ቤት አለ፤ በሩ ላይ አንድ ፀጉር አስተካካይ ፎጣ እያራገፈ ነው። አባቷ ይህ ቤት መቼ ተከፈተ ብሎ ጠየቀ። ስድስት ዓመቱ እንደሆነ ስትነግረው አልተከራከረም። መንገዱን ተሻግሮ ገባና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ከረባቱን ላላ አደረገ። እሷ ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ደብዳቤውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። ፀጉር አስተካካዩ ጨርቁን አንገቱ ላይ እያሰረ፣ አባባ፣ ቶሎ ላድርስዎት ወይስ ጢሙንም ልሥራው ብሎ ጠየቀው።

አባቷ በመስታወቱ ውስጥ ራሱን ትንሽ አየው።

"ጢሙንም ሥራው" አለ። "ቀስ ብለህ ሥራው፤ የሚጠብቀኝ የለም።"